ትከሻው ልክ፣ ደረቱ ጠባብ፦ የደረት ዳርትን ስለማስተካከል ከተሞክሮዬ

ለራሴ መስፋት ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ደረት ዳርት ያንገላታኝ ነገር የለም። ዚፕ ማስገባት በልምምድ ይመጣል፤ ኮሌታም እጅ ሲፍታታ ይስተካከላል። ዳርት ግን ስፌቱ ቀጥ ብሎ፣ በካውያ ተተኩሶ፣ ከውስጥም ከውጭም አምሮ ሳለ ልብሱ ሲለበስ የማይሆን ቦታ ላይ ይሾላል። ትከሻዬ ጠባብ፣ ደረቴ ሞላ ያለ ነው። በትከሻዬ ልክ ስሰፋ ደረቴ ላይ ቁልፉ አልዘጋ ይላል፤ በደረቴ ልክ ስሰፋ ትከሻው ወደ ክንዴ ይወርዳል፣ አንገቱም ይከፈታል። እንደኔ ዓይነት አቋም ላላት፣ ወይም በተቃራኒው ልብሱ ደረቷ ላይ ባዶውን ለሚቀርባት፣ እኔ የዞርኩትን ረጅም መንገድ ላሳጥርላት ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

መጀመሪያ ስለ ዳርቱ ራሱ ትንሽ ልበል። ጨርቅ ጠፍጣፋ ነው፤ ደረት ደግሞ ጉብታ አለው። ጠፍጣፋው ጉብታውን እንዲያቅፍ ከዳር በኩል ያለውን ትርፍ ቆንጥጦ መስፋት ያስፈልጋል፤ ዳርት ይኸው ነው። በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ክብ ወረቀት ቁረጡ፤ ከዳሩ እስከ መሀሉ በመቀስ ሰንጥቁትና የስንጥቁን ሁለት ጠርዞች ደራርቧቸው። ወረቀቱ መሀሉ ላይ ይነሳል። ጥቂት ስትደርቡት ጉብታው ዝቅ ይላል፤ ብዙ ስትደርቡት ከፍ ይላል። ስንጥቁ ከየትኛውም የክቡ ዳር ቢነሳ ግን ጉብታው ያው ነው። እኔ ይህን በእጄ ሞክሬ እስካየሁበት ቀን ድረስ ዳርት ፓተርን (ጨርቅ የሚቆረጥበት የወረቀት ቅርጽ) ላይ የታተመ፣ የማይነካ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ዳርት ለየብቻ የሚታዩ ሦስት ነገሮች እንዳሉት ገባኝ፦ ጫፉ የሚጠቁምበት ቦታ፣ ርዝመቱ፣ እና አፉ ላይ፣ ማለትም ከጨርቁ ዳር በሚነሳበት ሰፊ በኩል፣ ያለው ስፋት። የሦስቱ ችግር ይለያያል፤ መፍትሔውም ለየቅል ነው።

እኔን መጀመሪያ የገጠመኝ የቦታ ችግር ነው። የሰፋሁት እጅጌ የሌለው ሸሚዝ የጎን ዳርቱ ጡቴ ጎልቶ ከሚወጣበት ነጥብ በላይ አልፎ ወደ ብብቴ የተጠጋ ቦታ ላይ ይሾል ነበር። ያንን ነጥብ ከዚህ በኋላ የደረት ነጥብ እለዋለሁ። ከዳርቱ ጫፍ አጠገብ ጨርቁ ባዶ ከረጢት ሠርቷል፤ ከሥሩ ደግሞ ጡቴ ባለበት ላይ ተወጥሯል። ለነገሩ ፓተርን የሚያዘጋጁ ሰዎች አንድ አማካይ ቁመትና አንድ አማካይ የደረት ከፍታ ይዘው ነው የሚስሉት። ዕድሜው፣ ወሊዱ፣ የምንለብሰው ጡት ማስያዣ ሳይቀር ያንን ከፍታ ይለውጠዋል። ስለዚህ የታተመው ዳርት ምንም ሳይነካ ደረታችን ላይ በትክክል ካረፈ ዕድለኞች ነን ማለት ነው።

ያኔ የወሰድኩት እርምጃ ብዙ ሰው የሚወስደውን ነው፤ አንድ ቁጥር ከፍ አልኩ። ዳርቱ በጥቂት ሚሊሜትር ወረደ፣ ደረቱም ትንሽ ተንፈስ አለ። ትከሻው ግን ሰፋ፣ የአንገቱ ዙሪያ ሰፋ፣ የእጅጌ መግቢያውም ወደ ታች ወረደ። ቁጥር ከፍ ማለት ሁሉንም አንድ ላይ ያሰፋል፤ የትከሻ አጥንት ግን ጡት ሰፋ ብሎ አብሮ አይሰፋም። ይህን መንገድ ይዘው ዓመት ሙሉ የሚሰፉና «ለኔ አቋም የሚሆን ፓተርን የለም» ብለው የሚተዉ ሴቶች አውቃለሁ። ፓተርኑ አለ። የተመረጠው ቁጥር ነው ያልሆነው፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ዳርቱን አስፍቶ መስፋት ሞከርኩ። ሲያስቡት ልክ ይመስላል፤ ትልቅ ጉብታ ሰፊ ዳርት ይፈልጋል ብለናልና። አፉ ላይ 3 ሴንቲሜትር የነበረውን 5 አድርጌ ሰፋሁት። ከዚያ የፊቱን ጎን ከኋላው ጎን ጋር ሳጋጥም ፊቱ በ2 ሴንቲሜትር አጥሮ ተገኘ። በእርግጥ ያጥራል፦ የፊት ቁራጭ ጎን ከኋላው የሚረዝመው በዳርቱ አፍ ልክ ነው፤ ዳርቱ ሲሰፋ ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ። ዳርቱን ብቻ ስናሰፋው ያ ስሌት ይፈርሳል። ጎትቼ ባጋጥመውም ወገቡ ከፊት ወደ ላይ ተነሳ፣ ጎኑ ተሸበሸበ፣ ደረቱ ግን እንደጠበበ ቀረ። ዳርት ከዳር ይቀንሳል እንጂ መሀል ላይ ጨርቅ አይጨምርም። ሞላ ያለ ደረት የሚፈልገው ሁለቱንም ነው፤ መሀሉ ላይ ተጨማሪ ጨርቅ፣ ከዳሩ ደግሞ ሰፊ ዳርት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ነገሩን በዓይኔ ያሳዩኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ በስፌት ያሳለፉ አንዲት እናት ናቸው። የሙከራ ልብሴን አስለብሰውኝ መጀመሪያ ምንም ሳይነኩ ፊት ለፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ «ሽብሽቡ ወዴት ያመለክታል?» አሉኝ። ከብብቴም ከወገቤም የተነሱት ሽብሽቦች ሁሉ አቅጣጫቸው ወደ ጡቴ ነበር። «አየሽ ልጄ፣ ጨርቁ የጠማው ወደሚያመለክትበት ነው» ብለው መቀሱን አነሱና ከታችኛው ጠርዝ ጀምረው እስከ ደረት ነጥቤ ድረስ ቀጥ አድርገው ሰነጠቁት፤ ከዚያ አቅጣጫ ቀይረው ወደ እጅጌ መግቢያው ወሰዱትና ስፌቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከጎኑም በዳርቱ መሀል በኩል ሰነጠቁ። ጨርቁ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። በስንጥቁ መሀል የውስጥ ልብሴ ይታያል፤ ሽብሽቡ በሙሉ ጠፍቷል። ሜትራቸውን ስንጥቁ ላይ አስጠግተው «የጎደለሽ ይኸውልሽ፣ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል» አሉኝ። ትከሻውን አልነኩትም። አንገቱንም አልነኩትም። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ የማደርገው ሁሉ ያንን ስንጥቅ መድገም ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። መጀመሪያ ልክ መውሰድ ነው፤ ሰው ቢያግዛችሁ ይመረጣል፤ ብቻ ሲለኩ ሜትሩ ከጀርባ ሳይታወቅ ይወርዳል። ከልብሱ ሥር የምትለብሱትን ጡት ማስያዣ ለብሳችሁ ቁሙ። አንደኛ፣ ሜትሩን በብብት ሥር አሳልፋችሁ ከጡት በላይ ያለውን የደረት ዙሪያ ለኩ። ሁለተኛ፣ ጡት በጣም ጎልቶ በሚወጣበት በኩል ዙሪያውን ለኩ። የሁለቱን ልዩነት ያዙ። ለንግድ ከሚታተሙት ፓተርኖች አብዛኞቹ ይህ ልዩነት 5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው ብለው ነው የሚነሱት፤ በጡት ማስያዣ አቆጣጠር ቢ የሚባለው መሆኑ ነው። ለሲና ለዲ ለየብቻ የሚያትሙም አሉ፤ ካገኛችሁ ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል።

ቁጥር ስትመርጡ ከጡት በላይ ያለውን ልካችሁን ያዙና 5 ጨምሩበት፤ የፓተርኑ የልክ ሠንጠረዥ ላይ «ደረት» በሚለው ሥር የምትፈልጉት ያንን ነው። ለምሳሌ ከጡት በላይ 87፣ በጡት ላይ 97 የሆነች ሴት 92ን ትመርጣለች እንጂ 97ን አትመርጥም። ያኔ ትከሻው፣ አንገቱና የእጅጌ መግቢያው ከአጥንቷ ጋር ይስማማሉ። የሚጎድላት 5 ሴንቲሜትር ከፊት ብቻ ይጨመራል። ፓተርኑ የፊቱ ግማሽ ስለሆነ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሚከፈተው የዚያ ግማሽ፣ 2.5 ነው። ይህችን ግማሽ የማድረግ ነገር አትርሷት፤ የረሳት ሰው ድንኳን የሚያክል ፊት ያወጣል።

ሁለት ልኮች ይቀራሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉትም እነሱ ናቸው። ትከሻ ከአንገት ጋር ከሚገናኝበት ቦታ እስከ ደረት ነጥብ ያለው ቁመት አንዱ ነው፤ በሁለቱ የደረት ነጥቦች መሀል ያለው ርቀት ሌላው። የሁለተኛውን ግማሽ ወስዳችሁ፣ ከመሀል ፊት መስመር ጎን ለጎን ለክታችሁ፣ ቁመቱን ደግሞ ከትከሻው ወደ ታች ለክታችሁ ፓተርኑ ላይ የራሳችሁን የደረት ነጥብ ምልክት አድርጉ። ስትለኩ የስፌት ትርፉን፣ ማለትም ከስፌት መስመሩ ውጭ የሚተወውን ጠርዝ፣ አትቁጠሩ። ፓተርኑ የራሱ ነጥብ ካለው ብዙውን ጊዜ መስቀል ያለበት ክብ ሆኖ ይታተማል። ሁለቱ ነጥቦች ተገጣጥመው ካገኛችኋቸው እሰየው፤ ካልተገጣጠሙ ችግራችሁ ጨርቁ ሳይቆረጥ ታወቀ ማለት ነው።

ከዚያ የሙከራ ልብስ። አቡጀዲ ይሆናል፣ ያረጀ አንሶላም ይሆናል፤ ዋናው ውፍረቱ ልትሰፉት ካሰባችሁት ጨርቅ ጋር መቀራረቡ ነው። እጅጌ፣ ኮሌታ፣ ኪስ አያስፈልገውም። የመሀል ፊቱን መስመርና በደረት ነጥቡ የሚያልፈውን አግድም መስመር በእስክሪብቶ አስምሩበት፤ ስትለብሱት አግድሙ መስመር ወደ ላይ ከተንጋደደ ወዲያው ይታያችኋል። በእጅ ወስውሱት ወይም የመኪናውን ስፌት አርዝማችሁ ስፉት፤ መተርተሩ አይቀርም። መስታወት ፊት እጃችሁን አውርዳችሁ ቁሙ። እጅ ሲነሳ ደረትም ይነሳል፤ ያኔ የምታደርጉት ምልክት ሁሉ ውሸት ነው።

ምን ታያላችሁ? ከብብት ወይም ከጎን ተነስቶ ወደ ጡት የሚያመለክት ሽብሽብ ካለ ጨርቅ ጎድሏል። የእጅጌ መግቢያው ከፊት በኩል ከሰውነት ተነስቶ ከተከፈተ ዳርቱ ጠብቧል፤ መያዝ የነበረበት ትርፍ ሳይያዝ ቀርቶ እዚያ ወጥቷል። የታችኛው ጠርዝ ከፊት ብቻ ከተነሳ ቁመት አንሷል፤ ጡት ጨርቁን ወደ ላይ እየወሰደው ነው። በተቃራኒው ደረት ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ልል እጥፋት ካለ ትርፍ አለ። ሽብሽብ የለም፣ ግን ጫፉ የሚሾለው ሌላ ቦታ ነው? እንግዲያው ቦታው ብቻ ነው መስተካከል ያለበት።

ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ቢሆን እመክራለሁ፦ መጀመሪያ ቦታውን፣ ቀጥሎ ስፋቱን፣ መጨረሻ ላይ ርዝመቱን። ስፋት ስንጨምር የምንሰነጥቀው በደረት ነጥቡ በኩል ስለሆነ ነጥቡ የተሳሳተ ቦታ ላይ ሳለ ብናሰፋው የጨመርነው ጨርቅ ጡቱ የሌለበት ቦታ ላይ ይቀራል።

ቦታ ማስተካከል ቀላሉ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲሜትር የማይበልጥ ከሆነ አፉን እዚያው ትታችሁ ጫፉን ብቻ አውርዱ ወይም አንሱ፤ ከዚያ ሁለቱን መስመሮች ከአፉ እስከ አዲሱ ጫፍ በማስመሪያ እንደገና አስምሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ ዳርቱን ሙሉውን በአራት ማዕዘን ክበቡት፦ አንዱ ጎን ከመሀል ፊት መስመር ጋር ትይዩ፣ ሁለቱ ደግሞ ለእሱ ቀጥ ያሉ አግድሞች፣ አራተኛው ራሱ የጎን ስፌቱ ነው። ቆርጣችሁ አውጡትና በሚፈለገው ልክ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ አንሸራትቱት። ክፍተቱን በወረቀት ሙሉ፣ በስኮች አጣብቁት፣ የተቆራረጠውን የጎን መስመር አንድ አድርጋችሁ አስምሩ። ሳጥኑ ስላልተነካ ዳርቱ ስፋቱም ርዝመቱም ያው ነው። እኔ በራሴ ልክ በዚህ ብቻ የዳኑ ልብሶች አሉኝ።

ስፋት መጨመር ከበድ ያለ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ በእጅ ከተሠራ ግን አይረሳም። ፓተርኑን በሌላ ወረቀት ገልብጡ፤ ዋናውን አትቁረጡት። ከታችኛው ጠርዝ ተነስታችሁ ከመሀል ፊት መስመር ጋር ትይዩ የሆነ መስመር እስከ ደረት ነጥቡ አስምሩ። ከነጥቡ አቅጣጫ ቀይራችሁ ወደ እጅጌ መግቢያው የታችኛው ሲሶ ገደማ ውሰዱት። ሌላ መስመር ደግሞ በዳርቱ መሀል ከጎን ስፌቱ ተነስቶ እስከ ደረት ነጥቡ ይምጣ። አሁን በመቀስ፦ የመጀመሪያውን መስመር ከታች ጀምራችሁ በነጥቡ በኩል እስከ እጅጌ መግቢያው የስፌት መስመር ድረስ ቁረጡ፤ እዚያ ስትደርሱ ቁሙ፣ ወረቀቱ በጥቂቱ ተያይዞ ይቅር። የስፌት ትርፉን ከውጭ በኩል በመቀስ ትንሽ ብትሰነጥቁት እንደ ማጠፊያ በነፃነት ይዞራል። የዳርቱን መሀል ከጎን ጀምራችሁ ቁረጡ፤ ነጥቡ ጋ ልትደርሱ ስትሉ አቁሙ።

አሁን የጎኑን ቁራጭ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ግፉት። የቀጥታው ስንጥቅ ሁለት ጠርዞች ትይዩ ሆነው የጎደላችሁን ያህል፣ በምሳሌያችን 2.5 ሴንቲሜትር፣ እስኪራራቁ ድረስ። ራቅ ማለቱን ደረት ነጥቡ ላይ ለኩ። ይህን ስታደርጉ ዳርቱ ማንም ሳይነካው በራሱ ይከፈታል፤ ጨርቁ ሲጨመር ዳርቱም አብሮ ሰፋ። እነዚያ እናት መቀስ ያስገቡበት ልብስ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ጎኑ ስለወረደ የመሀል ፊቱ በኩል ያለው ቁራጭ ከታች አጥሮ ይታያችኋል። ከደረት ነጥቡ በታች የሆነ ቦታ ላይ አግድም ቁረጡትና ታችኛው ጠርዝ ከጎኑ ጋር እኩል እስኪሆን ወደ ታች አውርዱት። ከፊት ወደ ላይ ይነሳ የነበረው ጠርዝ መፍትሔው ይህ ነው። ክፍተቶቹን ሁሉ በወረቀት ሞልታችሁ አጣብቁ። በመጨረሻ የፊቱን የጎን ስፌት፣ የዳርቱን አፍ ሳትቆጥሩ፣ ከኋላው ጎን ጋር አስተያዩት፤ እኩል ካልሆነ የሆነ ቦታ ተንሸራቷል።

ወገቡም በዚያው ልክ እንደሚሰፋ አስቀድማችሁ እወቁ። ልል ሸሚዝ ከሆነ እኔ እተወዋለሁ፤ ሲወርድ ያምራል። ወገብ ላይ የሚያዝ ልብስ ከሆነ ከጎን ስፌቱ መቀነስ ወይም በወገብ ዳርት መያዝ ነው።

ደረታቸው ከፓተርኑ ለሚያንስ ያንኑ መንገድ ገልብጠው ይሂዱበት። መስመሮቹ ያው ናቸው፣ የሚቆረጡትም ያው ነው፤ መክፈት ቀርቶ መደረብ ይሆናል። ዳርቱ ይጠባል፣ የፊቱ ቁመትም ይቀንሳል። ዳርቱን አጥብቦ ብቻ መስፋት የእኔው ችግር ግልባጭ ነው፤ የፊቱ ጎን ከኋላው ይረዝምባችኋል።

ርዝመት ላይ እንምጣ። የዳርት ጫፍ የደረት ነጥቡን ያያል እንጂ አይነካውም። ከነካው ጨርቁ ላይ ሾል ያለ ጉጥ ይወጣል፤ የትኛውም ካውያ አይመልሰውም። ደረቷ አነስ ላለ ሴት ጫፉ ከነጥቡ 2 እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ቀድሞ ቢቆም ይበቃል። ሞላ ላለ ደረት 4፣ አንዳንዴም 5 ሴንቲሜትር መራቅ አለበት፤ ጉብታው ራሱ ሰፊ ስለሆነ። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ መወሰን አልወድም። የሙከራ ልብሱ ላይ ዳርቱን በስፒል ይዤ፣ ጫፉን ትንሽ ወደ ኋላ ስቤ፣ እንደገና ይዤ አየዋለሁ። ጨርቁ ሳይሾል ጡቱ ላይ ለስለስ ብሎ ያረፈበት ቦታ ትክክለኛው ነው።

ካሰፋችሁት በኋላ የዳርቱ አፍ በጣም ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ 7 ወይም 8 ሴንቲሜትር ሲደርስ ጫፉ ምንም ቢያደርጉት ይሾላል። ያን ጊዜ መክፈል ነው የሚያዋጣው። ያንን የወረቀት ክብ አስታውሱ፤ ስንጥቁ ከየትም ይነሳ ጉብታው ያው ነው። ከወገቡ እስከ ደረት ነጥቡ መስመር አውጥታችሁ ሰንጥቁ፤ ከዚያ የጎኑን ዳርት በከፊል ዝጉና በስኮች ያዙት። የዘጋችሁት ያህል ወገቡ ላይ ይከፈታል፤ አሁን አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት ልከኛ ዳርት አላችሁ። በዚሁ መንገድ ዳርቱን ወደ ትከሻ፣ ወደ አንገት፣ ወደ እጅጌ መግቢያ ማዛወር ይቻላል። ብቻ በሴንቲሜትር ለክታችሁ አታዛውሩት። ዳርቱ ሲረዝም አፉ ይሰፋል፣ ሲያጥር ይጠባል፤ የማይለወጠው ማዕዘኑ ነው። አሮጌውን ዝጉ፣ አዲሱ በራሱ ይከፈት፤ ወረቀቱ አይሳሳትም።

ዳርት የሌለው ልል ሸሚዝም ቢሆን ለሞላ ደረት ከፊት መነሳቱ አይቀርም። እዚያም በተመሳሳይ መንገድ ከፍታችሁ የመጣውን አዲስ ዳርት ዘግታችሁ ወደ ታችኛው ጠርዝ ብትለቁት ዳርት ሳይታይ ወርዱ ይሰፋል። በደንብ የሚለጠጥ ጨርቅ ግን ጥቂት ልዩነትን ራሱ ይችላል፤ ለእሱ ይህን ሁሉ አትድከሙ።

ሁለት ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ሥራ ያበላሻሉ። አንደኛው የዳርቱ አፍ ቅርጽ ነው። አዲሱን ዳርት ካሰመራችሁ በኋላ ወረቀቱን ልክ ተሰፍቶ እንደሚተኮሰው አጥፉት፤ የጎን ዳርት ወደ ታች፣ የወገብ ዳርት ወደ መሀል። እንደታጠፈ የጎኑን መስመር ተከትላችሁ ቁረጡና ዘርጉት። አፉ ላይ ሾል ያለ ጠርዝ ይወጣል፤ ያ ሾል ያለው ካልኖረ ዳርቱ ሲታጠፍ ጨርቁ የጎን ስፌቱ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

ሁለተኛው አሰፋፉ ነው። ከአፉ ጀምራችሁ ወደ ጫፉ ስፉ። መጨረሻው 2 ሴንቲሜትር ላይ ስፌቱን ወደ 1.5 ሚሊሜትር አሳጥሩት፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ስፌቶች እጥፋቱ ጠርዝ ላይ፣ በአንድ ክር ስፋት ብቻ ገብተው ይሂዱ፣ ከዚያ ከጨርቁ ይውጡ። ጫፉ ላይ መልሳችሁ አትስፉ፤ ያ ድርብ ስፌት ነው እብጠት የሚሠራው። ክሩን በረጅሙ ትታችሁ በእጅ ቋጥሩት። ስትተኩሱ መጀመሪያ ዳርቱን እንደታጠፈ ተጫኑት፤ ካውያው ጫፉን አይለፍ። ከዚያ ፎጣ ጠቅልላችሁ ክብ አድርጋችሁ እላዩ ላይ ተኩሱት፤ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ብትተኩሱት የሠራችሁትን ጉብታ መልሳችሁ ትደመስሱታላችሁ። ስስ ጨርቅ ከሆነ ከዳርቱ ሥር ቁራጭ ወረቀት አስገቡ፤ የዳርቱ ምልክት በውጭ በኩል አይወጣም።

አግድም መስመር ያለበት ጨርቅ ለምትሰፉ፦ የጎን ዳርት ሲሰፋ ከእሱ በላይ ያለው መስመር ከኋላው ጋር መግጠሙ ይቀራል። ከዳርቱ በታች እስከ ጠርዙ ያለውን አጋጥሙ፤ ከላይ ያለውን ክንድ ይሸፍነዋል።

ሁለቱ ጡቶች በከፍታም በመጠንም ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ለትልቁ በሚበቃው ስፉ፤ ሌላው አይታወቅም። ጎልቶ የሚታይ ከሆነ ግን፣ ጡት በቀዶ ሕክምና ለተነካባት ሴት ደግሞ በተለይ፣ የግራና የቀኝ ፊቱን ለየብቻ ወረቀት ላይ አውጡት፤ እያንዳንዱ የራሱ ነጥብ፣ የራሱ ዳርት ይኑረው። ሥራው እጥፍ ቢሆንም ልብሱን ስትለብሱት ታውቁታላችሁ። ወረቀቶቹ ላይ «ግራ» እና «ቀኝ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፤ ጨርቁን ስትቆርጡም በውጭ የሚታየው ፊቱ ወደ ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ያስተካከላችሁትን ፓተርን ወፍራም ወረቀት ላይ ገልብጡት፤ ቀኑን፣ የዚያን ጊዜ ልካችሁንና የከፈታችሁትን ሴንቲሜትር ጻፉበት። አንድ አዘጋጅ የሚያወጣቸው ፓተርኖች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መነሻ ስለሚሳሉ በሚቀጥለውም ላይ ያው ልክ ይሠራላችኋል። የሌላ አዘጋጅ ከሆነ፣ ወይም ክብደታችሁ ከተለወጠ፣ ወይም ጡት ማስያዣ ከቀየራችሁ ሜትሩን እንደገና አንሱ።